የሕዝብ ገንዘብ ባለቤት ማን ነው?

በአገራችን ስለ ገንዘብ የሚነገረው ተረትና ምሳሌ ብዙ ነው፤ ስለ ሕዝብ ገንዘብ የሚነገረው ግን ጥቂት ነው። ጥቂት የሆነበትም ምክንያት፣ እንደሚመስለኝ፣ የሕዝብ ገንዘብ የሚባል ነገር መኖሩን ከልባችን ስላላመንን ነው። ከግብር፣ ከኪራይና ከአገልግሎት ክፍያ ተሰብስቦ ወደ ወረዳና ወደ ማዘጋጃ ቤት ሣጥን የገባውን ብር «የመንግሥት ገንዘብ» እንለዋለን። ቃሉ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ባለቤቱን ከቤቱ አስወጥቶ በደጅ ያቆመዋል። የመንግሥት ከሆነ የእኔ አይደለም፤ የእኔ ካልሆነ አልጠይቅም፤ እኔ ካልጠየቅሁ ደግሞ የተሾመበት ሰው እንደ ፈቀደ ያዝበታል። አባቶቻችን «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» ብለዋል። እኔም በዚህ ጽሑፍ የምተቸው አጥሩን የሚነቀንቀውን ብቻ ሳይሆን፣ እንዲናቅ ራሱን የሰጠውን ባለቤት ጭምር ነው።

ስለ ትልቁ የአገር ግምጃ ቤት የሚጽፉ ሊቃውንት ብዙዎች ናቸው። እኔ የመረጥሁት ትንሹን፣ ከደጃችን ያለውን ሣጥን ነው፤ ይኸውም የወረዳውንና የማዘጋጃ ቤቱን። የሠፈሩ ቦይ ተደፍኖ ክረምት ሲመጣ ጎርፉ ከቤት የሚገባው፣ የትምህርት ቤቱ ጣሪያ የሚያፈሰው፣ ወላድ ከጤና ጣቢያ ደርሳ መድኃኒት የለም የምትባለው፣ ሁልጊዜ በሩቅ ከተማ በተቀመጠ ሚኒስትር ክፋት አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ በአጥቢያው ምክር ቤት የገቢና የወጪ መዝገብ ውስጥ ተጽፎ ይገኛል። ወጣት አንባቢዎቼም ነገ የዚህ ምክር ቤት አባል ወይም ገንዘብ ያዥ፣ ቢያንስ ደግሞ ከፋይ መሆናችሁ አይቀርምና፣ ነገሩን ከአሁኑ ብታውቁት ይጠቅማችኋል።

አስቀድመን ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ እንይ። በገጠር ወረዳ ገበሬው የመሬት መጠቀሚያና የእርሻ ግብር ይከፍላል፤ ትንሹ ነጋዴ የዓመት ግብሩን ይከፍላል፤ የመምህሩና የጤና ሠራተኛው ግብር ገና ከደመወዛቸው ላይ ይቈረጣል። በከተማ ደግሞ የቦታ ኪራይ፣ በተለምዶ «የጣሪያና ግድግዳ» የሚባለው የቤት ግብር፣ የገበያ ቦታ፣ የቄራና የጽዳት ክፍያ አለ፤ በትልልቆቹ ከተሞች ከመሬት ሊዝ የሚገኘው ገንዘብም ይጨመራል። ይህ ሁሉ ተደምሮ ለብዙው ወረዳ አይበቃም፤ ስለዚህ ከክልሉ የሚሰጠው የድጎማ በጀት ይታከልበታል፤ በብዙ ወረዳም ራሱ ከሰበሰበው ይልቅ ከላይ የመጣው ይበልጣል። ከዚህም ሌላ ለመንገድ፣ ለትምህርት ቤት፣ ለበዓል እየተባለ በየጊዜው የሚጠየቅ መዋጮ አለ።

ነገሩ ትናንት የተጀመረ አይደለም። በ1937 ዓ.ም. የወጣው የማዘጋጃ ቤቶች ዐዋጅ ከተሞች ምክር ቤት እንዲኖራቸውና ለሥራቸው የሚሆን ገንዘብ እንዲሰበስቡ ፈቀደ። በ1940 ዓ.ም. በመሬት ላይ የትምህርት ግብር ተጣለ፤ ሐሳቡም ገንዘቡ በተሰበሰበበት ጠቅላይ ግዛት ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት እንዲውል ነበር። በ1958 ዓ.ም. የአውራጃ ራስ ገዝ አስተዳደር ትእዛዝ ወጣ፤ ሆኖም ለአውራጃዎቹ ገንዘብ የሚያስገኝላቸው ሕግ በፓርላማ ሳይጸድቅ ስለ ቀረ፣ ሥልጣኑ ኪስ እንደሌለው ካባ ሆነ። በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሲሆን፣ የወር ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆነው ቤቶች በቀበሌ ማኅበራት እጅ ገቡ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀ ሆኖ የቈመው ሕገ መንግሥት ለታችኛው የአስተዳደር እርከን በቂ ሥልጣን እንዲሰጥ በ50ኛው አንቀጽ፣ የመንግሥት አሠራርም ለሕዝብ ግልጽ እንዲሆን በ12ኛው አንቀጽ ደነገገ። በ1994 ዓ.ም. ደግሞ በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በትግራይና በያኔው ደቡብ ክልል ለወረዳዎች የድጎማው ገንዘብ በጥቅል እየተሰጠ ራሳቸው እንዲደለድሉት ተደረገ። መንግሥትና ሕግ ደጋግሞ ሲለወጥ አንድ ጥያቄ ግን በደንብ ሳይመለስ እዚህ ደርሷል። በአጥቢያው ገንዘብ የሚያዝ ሰው ሒሳብ የሚያቀርበው ለማን ነው?

የመጀመሪያው ትችቴ በአሰባሰቡ ላይ ነው። ከላይ በተሰጠው ገንዘብ የሚተዳደር ምክር ቤት ዓይኑ ወደ ላይ ያያል። ሪፖርቱን የሚጽፈው ለሰጪው እንዲጥም አድርጎ ነው፤ ከፋዩ ገበሬ ሪፖርቱን ሊያነበው ቀርቶ መኖሩንም አያውቅም። ይህን ስል ግን ድጎማው ይቅር፣ እያንዳንዱ ወረዳ በገዛ አቅሙ ይኑር ማለቴ አይደለም። እንዲህ ያለው ፍርድ ድኻውን ሁለት ጊዜ ማስቀጣት ነው።

ለዚህ ምስክር የሚሆን ታሪክ ከለንደን እጠቅሳለሁ። ፖፕላር የምትባለው የለንደን ምሥራቃዊ ክፍል የወደብ ሠራተኞችና የሥራ አጦች ሠፈር ነበረች። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1921 እያንዳንዱ የለንደን ክፍል ሥራ አጦቹን የሚረዳው ከገዛ ነዋሪዎቹ በሚሰበስበው የቤት ግብር ነበር። በባለጸጎቹ ሠፈር በዌስትሚንስተር የቤት ግብር በአንድ ሳንቲም ቢጨመር የሚገኘው ገንዘብ በፖፕላር ከሚገኘው ስምንት እጥፍ ይበልጥ ነበር። እንግዲህ ችግር የበዛበት ሠፈር ብዙ ይከፍላል፤ ምቾት የበዛበት ሠፈር ጥቂት ይከፍላል። ጆርጅ ላንስበሪ የተባለው ሰውና ባልንጀሮቹ የምክር ቤት አባላት ለለንደን አጠቃላይ አስተዳደር የሚላከውን ድርሻ አንሰበስብም ብለው በአደባባይ እምቢ አሉ፤ ፍርድ ቤት ቀርበው ሠላሳ የሚሆኑት ወደ እስር ቤት ወረዱ፤ ሴቶችም ነበሩባቸው። ከስድስት ሳምንት በኋላ ተፈቱ፤ በዚያው ዓመትም የድኾችን መርጃ ሸክም የለንደን ክፍሎች በሙሉ እንዲካፈሉት የሚያደርግ ሕግ ወጣ።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛው፣ ባለጸጋው አጥቢያ ድኻውን መደገፉ ልመና ሳይሆን ፍትሕ መሆኑ ነው። ሁለተኛው፣ ግብር አልከፍልም የማለት መብት ካለ፣ ዋጋው ምን ያህል እንደሆነ ነው። እነዚያ ሰዎች በቀን፣ በስማቸው፣ ምክንያታቸውን ተናግረው እምቢ ብለው ታሰሩ። ያለ ደረሰኝ ሸጦ ግብሩን የሚሰውር ነጋዴ «ምን ላድርግ፣ ይበሉታል እኮ» ሲል ራሱን ከእነዚያ ጋር ሊቈጥር አይገባውም። እርሱ ሌባውን አልተቃወመም፤ ተሻማው እንጂ።

ወደ አገራችን ልመለስ። በፈቃድ የሚሰጥ መዋጮ የቆየ ባሕላችን ነው፤ «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የተባለውም ለዚህ ነው። በሕዝብ መዋጮና ጉልበት የተሠሩ ትምህርት ቤቶችና መንገዶች ብዙ ናቸው። ነገር ግን መዋጮው ከደመወዝ ላይ ያለ ፊርማ ሲቈረጥ፣ ወይም ያልከፈለ ሰው መታወቂያ ሊያወጣ ሲሄድ «መጀመሪያ መዋጮህን» ሲባል፣ ፈቃድ የሚለው ቃል ሐሰት ይሆናል። በሕግ የተጣለ ግብር መጠኑ ይታወቃል፣ ይግባኝ ይባልበታል፣ በመዝገብ ይገባል። በግዴታ የሚሰበሰብ «የፈቃድ» መዋጮ ግን የግብር ክብደት አለው እንጂ የግብር ሥርዓት የለውም። አስፈላጊ ከሆነ በምክር ቤት ተከራክረው ግብር ብለው ይጣሉት፤ አስፈላጊ ካልሆነ ይተዉት። በመካከል ያለው መንገድ ለገንዘብ ያዡ ፈተና፣ ለከፋዩ ውርደት ነው።

ሦስተኛ ነገር ልጨምር። ግብር ማሳነስ ሁልጊዜ ቸርነት አይደለም። የቀበሌ ቤቶች ኪራይ ለዐሥርት ዓመታት ከፍ ሳይል ቆየ፤ ተከራዩ ድኻ ነውና ተመሰገነ። ነገር ግን በዚያ ኪራይ ጣሪያ መቀየር፣ ግድግዳ መምረግ የማይቻል ስለ ሆነ፣ ቤቶቹ በነዋሪዎቻቸው ላይ አረጁ፤ ቸርነቱ በሚያፈስ ቆርቆሮ ተከፈለ። የቤት ግብሩም በ1968 ዓ.ም. በወጣው ዐዋጅ መሠረት በቀድሞ ተመን ሲሰበሰብ ኖሮ፣ አዲስ አበባ በ2015 ዓ.ም. ተመኑን በአንድ ጊዜ ብዙ ከፍ ስታደርገው ከጡረታ በቀር ገቢ የሌላቸው ባለቤቶች ደነገጡ። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የንብረት ታክስ ዐዋጅ በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ጸደቀ። ቤት ያለው ሰው ለከተማው መንገድና ቦይ መክፈሉ ተገቢ መሆኑን አልክድም። የምተቸው ሹማምንቱ ከአርባ ዓመታት በላይ ዝም ብለው ኖረው በአንድ ሌሊት መንቃታቸውን ነው። በየዓመቱ ትንሽ እየጨመሩ፣ ምን እንደሚሠሩበት እያስረዱ መሄድ ድካም አለው፤ ሰውን ማሳመን ይጠይቃል። በድንገት ማስከፈል ግን ትእዛዝ ብቻ ይበቃዋል።

መሬትን በሊዝ ሰጥቶ የሚገኘውም ገንዘብ የራሱ አደጋ አለው። ሊዝ ከ1986 ዓ.ም. ጀምሮ በአገራችን ሕግ ሆኖ ቆይቷል። አንድ ቦታ ለብዙ ዓመታት አንድ ጊዜ ነው የሚሰጠው። ከዚያ የተገኘው ገንዘብ ለድልድይ፣ ለውሃ መስመር፣ ለመጪው ትውልድም ለሚሆን ሥራ ከዋለ መልካም ነው። ለዕለት ወጪ ከዋለ ግን የዘር እህልን ፈጭቶ እንደ መብላት ነው፤ የዘንድሮው ገበታ ይሞላል፣ ማሳው ግን ጾሙን ያድራል።

ሁለተኛው ትችቴ በአወጣጡ ላይ ነው። የብዙ ወረዳዎች በጀት አብዛኛው ለደመወዝ ይውላል። መምህርና ነርስ ደመወዛቸው እንዲከፈል እኔም እፈልጋለሁ፤ ሆኖም ደመወዙ ተከፍሎ ለጠመኔ፣ ለመድኃኒት፣ ለውሃ መሳቢያው ሞተር መለዋወጫ የሚሆን ካልተረፈ፣ ሠራተኛው መሣሪያ እንደሌለው ወታደር ተቀምጦ ይውላል። ከዚህች ከቀረችው ጥቂት ገንዘብ ላይ ደግሞ ውሎ አበል፣ የስብሰባ መስተንግዶና የመኪና ነዳጅ ሲነሣ ምን እንደሚቀር መገመት አያስቸግርም።

ሁለት ልማዶች በተለይ ያሳዝኑኛል። አንደኛው የሰኔ ወጪ ነው። የበጀቱ ዓመት ሰኔ 30 ቀን ይዘጋልና፣ ያልተሠራበት ገንዘብ እንዳይመለስ ተብሎ በሰኔ ወር ወንበር ይገዛል፣ ሥልጠና ይዘጋጃል፣ ግድግዳ ይቀባል። ዐሥራ አንድ ወር «በጀት የለም» ሲባል የነበረ መሥሪያ ቤት በዐሥራ ሁለተኛው ወር ገንዘቡን መጣያ ያጣል። የሰኔው ወንበር ሳይፈለግ ሲገዛ፣ የጥቅምቱ በሽተኛ ያለ መድኃኒት ተመልሷል። ሁለተኛው ልማድ አዲስ ነገርን ማፍቀርና ጥገናን መናቅ ነው። አዲስ ሕንፃ ሪባን ይቈረጥለታል፣ ፎቶግራፍ ይነሣለታል፤ ቦይ ለሚጠርግ ሰው ግን ሪባን የሚቈርጥለት የለም። ስለዚህ ከተማይቱ በመግቢያዋ መብራትና ሐውልት ታበጃለች፤ ከኋላ ሠፈሯ ግን በየክረምቱ ልጆች ጎርፍ እየተሻገሩ ትምህርት ቤት ይሄዳሉ።

ይህ ክብር ፍለጋ የእኛ ብቻ ድካም አይደለም። በእንግሊዝ አገር ዎኪንግ የምትባል አንድ መቶ ሺህ ያህል ሕዝብ ያላት ከተማ፣ ምክር ቤቷ ሆቴልና ሰማይ ጠቀስ ሕንፃ ሠርቶ ከኪራዩ ሊያተርፍ አስቦ ከአንድ ቢሊዮን ፓውንድ በላይ ተበደረ። ትርፉ እንደ ታሰበው አልመጣም፤ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በሰኔ 2023 ገቢና ወጪዬን ማመጣጠን አልችልም ብሎ አስታወቀ። «ቁጭ ብለው የሰቀሉትን ቆመው ማውረድ ያቅታል» ማለት ይህ ነው። ዕዳውን የፈረሙት ሰዎች ከሥልጣን ወረዱ፤ ዕዳው ግን አልወረደም፤ ሕንፃው ይሠራ አይሠራ ያልተጠየቀው ነዋሪ አገልግሎት እየተቀነሰበት ይሸከመዋል።

ሦስተኛው ትችቴ በቁጥጥሩ ላይ ነው። የሒሳብ መርማሪዎች አሉ፤ በፌዴራልም በክልልም ዋና ኦዲተር አለ። ነገር ግን ሪፖርቱ የሚወጣው ገንዘቡ ካለቀ፣ አዛዡም ወደ ሌላ ቦታ ከተዛወረ በኋላ ስለ ሆነ፣ ብዙ ጊዜ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ይሆናል። ስለዚህ ከሁሉ የተሻለው ጠባቂ በየቀኑ በስፍራው ያለው ከፋይ ነው። ከፋዩ እንዲጠብቅ ግን ቍጥሩን ማወቅ አለበት።

ይህ ከንቱ ምኞት አለመሆኑን ዩጋንዳ አሳይታናለች። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1991 እስከ 1995 ባሉት ዓመታት ማዕከላዊው መንግሥት በተማሪዎች ቍጥር ልክ ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ከላከው የሥራ ማስኬጃ ገንዘብ፣ በአማካይ ከመቶው 13 እጅ ብቻ ከትምህርት ቤቶቹ ደረሰ። የቀረው በመንገድ ላይ፣ በአጥቢያ አስተዳደሮች እጅ ቀረ። ይህ በጥናት ሲታወቅ መንግሥቱ ለየአጥቢያው የተላከውን ገንዘብ በጋዜጣ ያወጣ ጀመር፤ በትምህርት ቤቶቹም ደጃፍ እንዲለጠፍ አደረገ። በ2001 የሚደርሰው ገንዘብ ከመቶው 80 እጅ ገደማ ሆነ። በዚያው ጊዜ ሌላም ማሻሻያ ስለ ተደረገ ምስጋናው ሁሉ የጋዜጣው ብቻ አይደለም። ነገር ግን ርእሰ መምህሩ ስንት እንደ ተላከለት ሳያውቅ «የት ደረሰ?» ብሎ ሊጠይቅ እንደማይችል ማንም ያስተውለዋል።

በእኛም አገር በ1998 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረታዊ አገልግሎቶች ጥበቃ መርሐ ግብር አማካይነት ወረዳዎች በጀታቸውን ሕዝብ በሚያየው ሰሌዳ ላይ እንዲለጥፉ ተደርጎ ነበር። አሳቡ እጅግ መልካም ነው። እኔ ግን በአንድ ወረዳ ጽሕፈት ቤት ደጃፍ እንዲህ ያለ ሰሌዳ አይቻለሁ። በመስተዋት ተሸፍኖ ተቈልፏል፤ ወረቀቱ የሦስት ዓመት ነው፤ ቀለሙን ፀሐይ በልቶታል፤ ያልጠፋውም ጽሕፈት በሒሳብ መደብ ቍጥር እንጂ ሰው በሚያውቀው ቃል አልተጻፈም። ባለ ጉዳዮች ጀርባቸውን አስደግፈውበት ተራቸውን ይጠብቃሉ። አንዱን ሽማግሌ «አባቴ፣ ይህ ምን እንደሆነ ያውቃሉ?» ብዬ ብጠይቃቸው፣ «የመንግሥት ነገር ነው» ብለው መለሱልኝ። ግልጽነት በሕጉ ተፈጽሟል፤ በሰውየው ልብ ግን አልተጀመረም።

ባለቤቱ ሲተኛ ምን እንደሚሆን የምታሳየው በአሜሪካ ከሎስ አንጀለስ አጠገብ ያለችው ቤል የምትባል ትንሽ ከተማ ናት። ሕዝቧ ከአርባ ሺህ ያነሰ፣ አብዛኛውም ድኻ ሠራተኛ ነው። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2005 የምክር ቤት አባላትን ደመወዝ ከሚወስነው የክፍለ አገሩ ሕግ ከተማይቱን ነፃ የሚያወጣ ምርጫ ተደረገ፤ ድምፅ የሰጠው ሰው አራት መቶ እንኳ አልሞላም። ከዚያ በኋላ የከተማይቱ ሥራ አስኪያጅ ደመወዝ በዓመት ወደ ስምንት መቶ ሺህ ዶላር ተጠጋ፤ በትርፍ ጊዜያቸው የሚሠሩት የምክር ቤት አባላትም አንድ መቶ ሺህ የሚጠጋ ይወስዱ ነበር። ይህን በ2010 አንድ የሎስ አንጀለስ ጋዜጣ ሲገልጠው ሕዝቡ ከአዳራሹ ፊት ለፊት ወጥቶ ጮኸ፤ አባላቱ በድምፅ ተሻሩ፤ ሥራ አስኪያጁም በ2014 የዐሥራ ሁለት ዓመት እስራት ተፈረደበት። ፍርዱ ተገቢ ነው። ነገር ግን በዚያ የምርጫ ቀን በቤቱ የተቀመጠውን ሕዝብ የሚከስሰው ፍርድ ቤት የለም፤ ቅጣቱን ግን በየዓመቱ በግብሩ ከፍሎታል።

ከዚህ በኋላ ትችቴ ወደ ራሳችን ይመለሳል። በዕድራችን እንዴት እንደምንሆን እዩ። ገንዘብ ያዡ ሃምሳ ብር ቢጐድልበት ጉባኤው ሳያስረዳ አይለቀውም፤ ጸሐፊው መዝገቡን በአደባባይ ያነባል፤ ድንኳኑ ቢቀደድ ማን ተከራይቶት እንደ ነበር ይጠየቃል። ይኸው ሰው ግን የወረዳው መንገድ በተሠራ በዓመቱ ሲፈርስ «ምን ይደረግ» ብሎ ያልፋል። በዕድሩ ባለቤት ነው፤ በወረዳው እንግዳ ነው። እንዲያውም «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቈጨዋል» የሚል ክፉ ተረት ይዘን፣ በልቶ የወጣውን ብልኅ፣ ሳይበላ የወጣውን ሞኝ እንላለን። ንጹሕ ሆኖ የወረደ ሹም ጎረቤቶቹ ሲያላግጡበት የሚያይ ልጅ ምን ይማራል? ሌባን የሚያሳድገው የቢሮ ቍልፍ ብቻ አይደለም፤ የሠፈር ሣቅም ያሳድገዋል።

አንድ ወጣት ይህን አንብቦ እንዲህ ቢለኝ አልፈርድበትም። «ዕድር ትንሽ ናት፤ ሁሉም ይተዋወቃል። በወረዳ ስብሰባ ግን ተነሥቶ ስለ ገንዘብ የጠየቀ ሰው ነገረኛ ይባላል፤ ጉዳዩ ይጓተትበታል፤ ከዚያም የባሰ ሊያገኘው ይችላል።» እውነት ነው፤ በየስብሰባው የሚያጨበጭበው ሁሉ ስላመነ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ፍርሃትን በመጽሐፍ ምክር ማስወገድ አይቻልም። ነገር ግን ሁለት ነገር እመልሳለሁ። ዓይን ለዓይን መተያየት በማይቻልበት በትልቅ ማኅበር ወረቀት የዓይንን ሥራ መሥራት አለበት፤ ስለዚህ የሚጠየቀው ሰውየው ሌባ ነው ወይ ሳይሆን ወረቀቱ የት አለ ነው። ይህን ለመጠየቅ ሕጉ ራሱ ፈቅዷል፤ ሐቀኛውም ሹም በዚህ ጥያቄ አይከፋም፤ እንዲያውም ከሐሜት ያድነዋል። ሁለተኛ፣ አንድ ሰው ብቻውን ሲጠይቅ ነገረኛ ይባላል፤ ሃምሳ የተማሪ ወላጆች አብረው ሲጠይቁ ግን ስብሰባ ይባላል። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ማለት እዚህ ላይ ነው።

እንግዲህ ወጣቶች ሆይ፣ ስለ ማናቸውም የሕዝብ ገንዘብ ሦስት ጥያቄ መጠየቅን ልማድ አድርጉ። ከማን ተሰበሰበ? በማን ፈቃድ ወጣ? ከምን ላይ ደረሰ? የመጀመሪያው ጥያቄ ድኻው ከአቅሙ በላይ እንዳይከፍል ይጠብቃል። ሁለተኛው ሹሙ ብቻውን እንዳያዝ ይጠብቃል። ሦስተኛው በወረቀት ላይ የተሠራ ድልድይ በወንዝ ላይ ሳይኖር እንዳይቀር ይጠብቃል። ሦስቱንም ጮኾ ሳይሆን በትሕትና፣ በአሉባልታ ሳይሆን በቍጥር መጠየቅ ይቻላል።

ልምምዱንም ከምክር ቤቱ አትጀምሩ፤ ከትንሹ ጀምሩ። የክፍላችሁ ተማሪዎች ለጉዞ ያዋጡትን ብር የያዘ ልጅ ሒሳቡን ጽፎ በግድግዳ ይለጥፍ፤ እናንተም ያዥ ከሆናችሁ ሳትጠየቁ ለጥፉት። የዕድር መዝገብ ለአባታችሁ አንብቡላቸው፤ ቀጥላችሁም የወረዳውን ሰሌዳ አንብቡላቸው፤ የማይገባውን ቃል በሚገባቸው ቃል ተርጕሙላቸው። ተምራችኋልና ይህ የእናንተ ዕዳ ነው። መስተዋቱ ተቈልፎ ወረቀቱ የሦስት ዓመት ሆኖ ስታገኙትም በአክብሮት ገብታችሁ «የዘንድሮው መቼ ይለጠፋል?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መልስ ካላገኛችሁም በሚቀጥለው ሳምንት ባልንጀራ ጨምራችሁ ተመለሱ።